በእግር ድንጋይ የተፋቀ አሻራ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ማል ካላችሁኝ እምላለሁ። አንዲት ቃል ከዋሸሁ የሶደሬ ጦጣ ምሳዬን ብቻ ሳይሆን ምላሴንም ነጥቃ ዛፍ ላይ ትውጣ።

ዳዊ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የውሃ በርሜል አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጣቶቹን ይፈትግ ነበር፤ እህቱ ተረከዟን በምትፈትግበት ድንጋይ። ያንን ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ታውቁታላችሁ፤ አዳማ ዙሪያ መሬቱን ጫር ካደረጋችሁት ይገኛል። አውራ ጣቱን ጨርሶ ወደ ሌባ ጣቱ ሄደ። ውሃው መቅላት ሲጀምር እንኳ አላቆመም። ጣቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ መስመሮቹ ጠፍተው እንደሆነ ያያል፤ አልጠፉም፤ እንደገና ይፈትጋል።

ነገሩ የጀመረው በዝንብ ነው። በትምህርት ቤታቸው ያለው ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው። የባዮሎጂ መምህርቷ ቲቸር ጉዲቱ ዘጠነኛ ክፍልን አሰልፈው የዝንብ ዓይን ሲያሳዩ፣ የዳዊ ተራ ሊደርስ ሲል ተደወለ። ጓደኛው ጃዕፈር ደርሶት አይቷል። የዝንቧ ዓይን ከስታዲየም ይሰፋል፣ ወንበር ሳይቀር ተደርድሮበታል ብሎ ሲያወራ ዳዊ ሊያብድ ደረሰ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት አንድ ዝንብ በክብሪት ቀፎ ይዞ፣ ብረቱ በላላው የላቦራቶሪ መስኮት ሾልኮ ገባ። ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለችውን ክብ መስታወት ወደ ብርሃኑ ሲያዞር፣ የዘበኛው የጋሽ መርዳሳ ሳል ከደጅ ተሰማ። ደንግጦ ዞር ሲል ክርኑ መታው፤ ማይክሮስኮፑ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ዳዊ በመጣበት መስኮት ወጣ። ዝንቧም ወጣች።

ጋሽ መርዳሳ ድምፁን ሰምተው በሩን ሲከፍቱ ያገኙት ስብርባሪውን ብቻ ነው። በሁለት እጃቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ መለሱትና ለዳይሬክተሩ ሊነግሩ ሄዱ።

ቲቸር ጉዲቱ አልጮሁም። የእርሳስ ልብ አድቅቀው ዱቄቱን በመኳኳያ ብሩሽ ከስብርባሪው መካከል በተረፈችው ክብ መስታወት ላይ ነሰነሱት። ምንም ካልነበረበት ቦታ የጣት መስመሮች ብቅ አሉ። በስኮች ፕላስተር አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ለጠፉና ለክፍሉ አሳዩ። በጣታችን ላይ ያለው ላብና ቅባት የነካነው ነገር ላይ ይቀራል፣ ዱቄቱም እሱን ይይዛል አሉ። የአንዱ ሰው መስመር እንደ ውሃ አዙሪት ይዞራል፤ የሌላው ሄዶ ይታጠፋል፤ የሌላው እንደ ኮረብታ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ሰውን ከሰው የሚለየው ግን መስመሩ የት ጋ እንደሚቆረጥና የት ጋ ለሁለት እንደሚከፈል ነው። መንታ እንኳ አንድ አይሆንም። «ነገ» አሉ ቲቸር፣ «የሁላችሁንም ጣት በማኅተም ቀለም እወስዳለሁ።»

ዳዊ ጣቶቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አባቱ አቶ ገላና ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ አንዴ የተናገሩትን አያጥፉም። ባለፈው ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠርተው ሲመለሱ፣ ሌላ ክስ ከመጣ ትምህርትህ አብቅቶ ወለንጪቲ አጎትህ ጋር ሽንኩርት ትኮተኩታለህ ብለውታል። ያሉትም ሳይቆጡ ነው። ሲቆጡ ይሻል ነበር። ጃዕፈር ደግሞ ስለ ሌላ ሰው እያወራ መስሎት፣ ፊልም ላይ ሌቦች ጣታቸውን ፍቀው ሲያመልጡ አይቻለሁ አለ። ድንጋዩ የመጣው በዚህ ነው።

የዚያን ቀን እራት ሽሮ ነበር። በርበሬው የተላጠ ጣቱን እንደ እሳት ላሰው። እንባው ሲወርድ እናቱ ምን ሆንክ አሉት፤ ትን አለኝ ብሎ ዋሸ። ስልኩን ሊከፍት አውራ ጣቱን ቢያስቀምጥ ስልኩ አላወቀውም። ደግሞ ሞከረ፤ አላወቀውም። በመጀመሪያ ደስ አለው። ቀጥሎ ግን ፈራ፤ የገዛ ስልኩ እንደ ሌላ ሰው አየው።

በማግስቱ ከዳዊ ጣት ወረቀቱ ላይ የቀረው ጥቁር እድፍ ብቻ ነበር።

«ምን ነክቶህ ነው?» አሉት ቲቸር።

«ብሎኬት ሳራግፍ ነው፣ ቲቸር።»

«ብሎኬት?» አለ ጃዕፈር ከኋላ። «ይሄ ልጅ ደብተሩን እንኳ የሚያሸክመው እኛን አይደል እንዴ!»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቁም።

መስታወቷ ላይ ከቲቸር ከራሳቸው ሌላ የሁለት ሰው አሻራ ተገኘ። አንዱ የጋሽ መርዳሳ ነው። ሌላው ከተማሪው ሁሉ ከማንም ጋር አልገጠመም። ዳይሬክተሩ ነገሩን ቶሎ ቋጩት፦ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ነው፤ እንግዲያው ዕቃውን ሊሸጡ የውጭ ሰው አስገብተዋል፣ ስሙንም ይደብቃሉ። ቲቸር ጉዲቱ አሻራ ማን እንደነካ እንጂ ለምን እንደነካ አይናገርም ብለው ተከራከሩ። የሰማቸው የለም። ከፈተና በኋላ ኮሚቴ ተሰብስቦ ጋሽ መርዳሳን ያሰናብታል ተባለ።

ዳዊ ራሱን ብቻ ከመስታወቷ ላይ የፋቀ መስሎት ነበር። ጋሽ መርዳሳን እዚያው ብቻቸውን ትቷቸዋል።

ጋሽ መርዳሳ ግን ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ መጨበጣቸውን አልተዉም። «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ?» ደህና አደርክ ልጄ ማለታቸው ነው። የዳዊን እጅ ሲይዙ ልጁ ሽምቅቅ አለ። መዳፉን ገልብጠው አዩት።

«ጣትህን ምን በላው?»

«ብሎኬት።»

«ብሎኬት እንዲህ ይበላል?» ከጥበቃ ቤታቸው ቫዝሊን አመጡና ጣት በጣት፣ ቀስ እያሉ ቀቡለት። «እስክሪብቶ በምን ልትይዝ ነው? ፈተና ደርሷል እኮ። ነገም ና።»

በማግስቱ ዳዊ በአጥር ዞሮ ሊገባ ሞከረ። ከሩቅ ጠሩት። እንዲህ ሆኖ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ጠዋት ጠዋት እየቀቡት ከረሙ። ኮሚቴውን አንድም ቀን አላነሱም። ዳዊም አላነሳም፤ ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር የወለንጪቲ ሽንኩርት ትዝ ይለውና መልሶ ይዘጋዋል።

ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን በምሳ ሰዓት፣ ዳዊ ሰዓት ሊያይ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አውራ ጣቱ ሳያስበው ቦታው ላይ አረፈ። ስልኩ ተከፈተ።

ቆሞ ጣቱን አየው። መስመሮቹ በዚያው በድሮ ቦታቸው ከሥር ወጥተዋል፤ አንዱም መንገድ አልሳተም። በጥበቃ ቤቱ በር በኩል ጋሽ መርዳሳ ካፖርታቸውን አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ሲከቱ ይታያሉ። ትንሿን ሬዲዮአቸውንም እዚያው ፌስታል ውስጥ ጨመሩ። ቫዝሊኑን አንስተው ትንሽ አሰቡና መስኮቱ ላይ ተዉት።

ዳዊ ላቦራቶሪ ገባ። ቲቸር ጉዲቱ ወረቀቶቻቸውን ይዘው ወደ ስብሰባው ሊወጡ ነበር።

«ቲቸር፣ ጣቴ ድኗል» አለ። «አሁን ይውሰዱልኝ።»

ወረቀቶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ መለሱ። የማኅተም ቀለሙን ክዳን ከፈቱ። ዳዊ ማንም ሳይዝለት አውራ ጣቱን ራሱ ቀለሙ ውስጥ ነከረና ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ቲቸር በማጉያ መነፅር መስታወቷ ላይ ከተገኘው አሻራ ጋር አስተያዩት።

«እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አባትህ መጠራታቸው አይቀርም። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለና ወረቀቱን ራሱ ይዞ ወደ ስብሰባው ቀድሟቸው ወጣ። ጋሽ መርዳሳ ሁሉን ሲሰሙ ሳቁ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገውም ይቅር አሉት።

እሺ፣ ይቺን የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። አልሳቁም፤ ይቅር ማለታቸውንም የሰማ የለም። የዳዊን ጣት ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ፌስታላቸውን ይዘው ወደ ጥበቃ ቤታቸው ተመለሱና ካፖርቱን ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። ሌላው እውነት ነው። ጦጣዋን ጥሯት።