የወለቀችው ጥፍር

ቁም ሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠዋት ካርቶን ሙሉ የጥፍር ጄል በነበረበት መደርደሪያ ላይ የቀረችው አንዲት የወለቀች አርቴፊሻል ጥፍር ብቻ ናት። ጥቁር ቀይ ናት፤ ጠርዟ ላይ ስስ ነጭ መስመር ተስሎባታል።

ለምርመራ የተጠራችው የፖሊስ ሳጅን ያቺን ጥፍር አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት። ስለ ጥፍር የምታውቀው ነገር ቢኖር የራሷን መብላት ነው። በየሌባው ስትናደድ ጣቶቿን ጨርሳቸዋለች። እዚህ ክፍል ከገባች ጀምሮም አንድ እጇን ኪሷ ውስጥ ደብቃለች፤ የውበትና የጥፍር እንክብካቤ የሚማሩ ሴቶች መሃል እንዲህ ያለ እጅ ይዞ መቆም ያሳፍራላ!

ስርቆቱ የተፈጸመው በምሳ ሰዓት ነው። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። ጄሉ ከሌለ ፈተና የለም፤ ሌላ ጄል እስኪመጣ ደግሞ ወር ይፈጃል። የማኅበረሰብ ኮሌጁ ዲን ቁጣው አፍንጫው ላይ ደርሷል።

"ሌባዋ ተለይታለች፤ ይዘዋት ይሂዱ" አላት።

"በምን ተለየች?"

መልሱን የሰጠችው መምህርቷ ናት። ፊቷ ገርጥቷል።

"ይህቺን መስመር እንዲህ ቀጥ አድርጋ የምትስል አንዲት ተማሪ ብቻ ናት ያለችኝ። ሥራዋን ከሺህ እለየዋለሁ።"

ጥግ ላይ ወደተቀመጠች ልጅ ጠቆመች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጓደኞቿ ጭምቷ ይሏታል፤ ስሟም ልክ ነው፣ ዲኑ ያን ሁሉ ሲጮህባት ትንፍሽ አላለችም። ካመነች እንደሚያባርራት፣ ካላመነችም እንደሚያባርራት ነግሯታል። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሳጅኗ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ሁሉም በሌብነት የሚያማት ሌላ ተማሪ ነበረች፤ ሞዴሏ ይሏታል፣ ቤቷ ውስጥ ለጎረቤት ጥፍር ትሠራለች። ቦርሳዋ ሲፈተሽ እውነትም አንድ ጠርሙስ ጄል ተገኘ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አላልንም!" ሊል ሲል ግን ሞዴሏ በእንባ የገዛችበትን ሱቅ ተናገረች፤ ተደውሎም እውነት ሆነ። ሐሜተኞቹ ሁሉ ድንገት ሞረዳቸውን ማፅዳት ጀመሩ።

ሳጅኗ ወንበር ስባ ጭምቷ ፊት ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ያንን እጇን ከኪሷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"እስቲ መስመሯን እንዴት እንደምትስያት አሳዪኝ።"

አንዷ ተማሪ ሳቋን በሳል ሸፈነች። ጭምቷ ግን አልሳቀችም። የተበሉትን ጥፍሮች አየት አድርጋ የሳጅኗን እጅ የታመመ ሰው እጅ እንደሚያዝ ቀስ ብላ ያዘችው። ቀጭን ብሩሿን ነጭ የጥፍር ቀለም ውስጥ ነከረች። በሳጅኗ አውራ ጣት ላይ መስመሯ ቀጥ ብላ ወጣች።

"የአንቺ ጥፍርስ ለምን ባዶ ሆነ?"

"እንዲሁ ነው።"

"ሁሉም ተሠርተው የለ እንዴ? ለአንቺ የሚሠራልሽ ማነው?"

ጭምቷ ወደ ሳጅኗ ሌባ ጣት አለፈች። እዚያ ያለችው መስመር ግን ጎበጠች።

ሳጅኗ የጎበጠችውን መስመር አየቻት። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞረች።

"እነዚህ ልጆች የሚለማመዱት በራሳቸው ጥፍር ላይ ነው?"

"ኧረ አይደለም። በራስ እጅ ላይ እንዴት ይሆናል? ሁለት ሁለት ሆነው አንዷ በሌላዋ እጅ ላይ ነው እንጂ።"

"እንግዲያው ይህቺ ጥፍር የእሷ ሥራ ከሆነች፣ የወለቀችው ከእሷ ጣት አይደለም ማለት ነው።"

"ጉዴ ፈላ!" አለች መምህርቷ፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። "ቀኑን ሙሉ የማየው ሥራውን ነው። ጣቱ የማን እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም።"

የጭምቷ ጥንድ አክስቷ ናት። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ እታባ ይላታል። ዛሬ የቆሸሹትን ፎጣዎች አጥቦ የማምጣት ተራው የእሷ ነበር። ከምሳ በኋላ አመመኝ ብላ ትልቁን የፎጣ ዘንቢል ይዛ ቤቷ ሄዳለች።

ይሄኔ ጭምቷ ብድግ አለች።

"እኔ ነኝ የሰረቅኩት። ይውሰዱኝ።"

"እስካሁን ያልሰረቅሽውን አሁን ከየት አምጥተሽ ሰረቅሽው?" አለቻት ሳጅኗ። ድምጿ ግን ለስልሶ ነበር።

መኪና ውስጥ ልጅቷ አንደበቷ ተፈታ። እናቷ የሞተችው ገና ጡት ሳትጥል ነው። ያሳደገቻት እታባ ናት፤ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ ወለል እየወለወለች፣ ራሷ ሳታገባ ሳትወልድ። አብረው የተመዘገቡት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ሁለት ወንበር አስቀምጠው የራሳቸውን ሳሎን ሊከፍቱ ነው። ጭምቷ ጥፍሯን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳየች የማን እንደሆነች አውቃለች። አክስቷ ለምን እንደሰረቀች ግን እስካሁን አልገባትም። ሌላም ያልገባት ነገር አለ፤ ጥፍሩን የሠራችላት ከሦስት ቀን በፊት ነው፣ የእሷ ሥራ ደግሞ በሦስት ቀን አይወልቅም።

እታባ በሩን የከፈተችው በጓንት ነው። ከሳጅኗ ኋላ የቆመችውን ልጅ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እሷን ምን ልታደርጊ ይዘሻት መጣሽ?"

"ሌባ ተብላ ልትባረር ነው" አለች ሳጅኗ። "አንቺን ላለማጋለጥ ብላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።"

እታባ ልከራከር አላለችም። ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች፤ አንድም ጠርሙስ አልተነካም። ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። የጣቶቿ ጫፍ አብጧል፤ ተሰነጣጥቆም ይደማል። የቀሩት ጥፍሮቿም ከሥጋዋ ለቀው ሊወድቁ ደርሰዋል።

"ጄሉ በነካኝ ቁጥር ነው" አለች። "መጀመሪያ አሳከከኝ፣ ቻልኩት፤ እንዲህ ያበጠው ካለፈው ሥራ ወዲህ ነው። እሷ እንዳታይብኝ ዓይኔን ደክሞኛል ብዬ ጥፍሯን መሥራት አቆምኩ። ፈተናው አንድ ወር ቢራዘም ይድንልኛል ብዬ ነው። ልመልሰው ነበር፣ ሙች።"

ጭምቷ እነዚያን እጆች ስታይ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ለስንት ጊዜ በገዛ እጇ ያንን ጄል ስትቀባላት፣ ስትሞርድላት እታባ እየሳቀች ትቀመጥ ነበር።

ኮሌጅ ከመመለሳቸው በፊት ሳጅኗ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ግን ነገር አላድበሰበሰም። ሰውነቷ ጄሉን አንዴ ስለጠላው ከእንግዲህ አይታረቀውም፤ ወር ቢጠበቅ ዓመት ቢጠበቅ ያው ነው። እታባ ደጋግማ "እሺ" አለች። የሰረቀችው ለማይመጣ መዳን መሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

ዲኑ ካርቶኑን ሲያይ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር። እጆቿን ሲያይ ዘጋው።

"ለምን አልነገርሽንም?" አላት።

"ብነግራችሁ በቃሽ ትሉኝ ነበራ።"

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። እውነት ነው፤ እንደዚያ ነበር የምትለው። ሳጅኗም ለዲኑ ዕቃው ሳይጎድል መመለሱን፣ ክስ መመሥረት ግን የእሱ ፈንታ መሆኑን ነገረችው። ዲኑ ክሱን ትቶ ካርቶኑን ወደ ቁም ሳጥኑ እንዲመልሱት አዘዘ። ጭምቷንም በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቃት።

ጭምቷ ግን ያለ እታባ አልፈተንም አለች። መምህርቷ ለመነቻት፣ ሞዴሏም ለመነቻት፣ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ እታባ አገጯን በክንዷ ቀና አደረገችው፤ በጣቷ መንካት አትችልማ።

"ልጄ፣ እኔ የሰረቅኩት አብሬሽ ልጨርስ ብዬ ነው። አሁን አንቺ ከቀረሽ በቃ ሌባ ብቻ ሆኜ ቀረሁ።"

በፈተናው ቀን እያንዳንዷ ተፈታኝ የምትሠራለት ሰው ይዛ መጣች። ለጭምቷ በእጁ ፈተና ደንበኛ ሳጅኗ ሆነችላት፤ በዕረፍት ቀኗ፣ ከእነዚያ ጥፍሮቿ ጋር። ለእግሩ ፈተና ግን እታባ ቀድማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃለች። የከለከሉኝ እጄን ነው፣ እግሬን ማን ከለከለው ብላ ስትከራከር መምህርቷ የእግር መታጠቢያውን ሳፋ አቀረበችላት።

ጭምቷ ዝቅ ብላ የአክስቷን እግር ለብ ባለው ውሃ አጠበች። የተሰነጠቀ ተረከዟን ሞረደች፣ ጣት በጣት በፎጣ አደረቀች፣ ቅባት ቀባች። ፈታኟ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ ደንበኛዋ ተመችቷት እንደሆነ ጠየቀች።

"እኔ ለስንት ሰው አጥቤያለሁ" አለች እታባ። "እኔን ሰው ሲያጥበኝ ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"

ፈታኟ ወረቀቷ ላይ ተመችቷታል ብላ ጻፈች። ጭምቷም ቀና ሳትል ሁለተኛውን እግር አነሳች።