ጥቅምት ሠላሳ ያልገባው ፈረስ

ማናለብሽ ሽመክትን ያወቀችው ፈረስ ላፕቶፗ ላይ ባስነጠሰባት ቀን ነው። ይህን ስታወራ ሰው ይስቅባታል፤ ምን ይደረግ፣ የሆነው እሱ ነው።

ዳንግላ ያለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ የክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም እንድትሠራለት ቀጥሯት፣ አሠራሩን በዓይኗ ልታይ ከእንጅባራ በሚኒባስ መጥታ ነበር። ግቢው በጋሪ ፈረስ ተሞልቷል። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስትጽፍ፣ ከኋላዋ የቆመ ዳማ ፈረስ አንገቱን አስግጎ ቁልፎቹ ላይ አስነጠሰባት።

«ይቅርታ እህቴ፣ እሱ አዲስ ነገር ካየ አይችልም» አለ ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት፣ ፋሻ ይዞ እየሮጠ መጥቶ። የክሊኒኩ ሐኪም ሽመክት ነበር። ላፕቶፑን የታመመ ጥጃ ይመስል በቀስታ ጠረገላት። ከዚያ መሄድ ሲገባው አልሄደም፤ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ረስት ይባላል። የፕሮግራም ቋንቋ ነው።»

«ከዚህ የሚቀል የለም?»

«ሞልቷል። እኔ ግን ማሽኑ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ካላየሁ አይሆንልኝም። ይኼ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ያጠፋኸውን ሳታስተካክል ንቅንቅ አያደርግህም።»

«እንደ ትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር በይኛ! ይቺኛዋ መስመርስ?»

«ድራይቨሩን የምጠራባት ናት።»

«ሾፌርም አለው? መንጃ ፈቃዱን አይተሻል?»

ማናለብሽ ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች። «ፕሮግራሜና መዝገቡ ያለበት ዳታቤዝ በቀጥታ አይነጋገሩም። ድራይቨሩ መሃል ሆኖ የእኔን ጥያቄ ይወስዳል፣ ዳታቤዙ ያለውን ይዞልኝ ይመጣል። እሺ ካለ እሺ፣ እምቢ ካለ እምቢ።»

«እምቢ የሚለው ምን ሲሆን ነው?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አብረዋት የተማሩት እንኳ ሥራዋን ስትነግራቸው ያዛጋሉ። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ፈረሱ ጅራቱን ይወዘውዛል።

መስከረም ላይ ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ። ሽመክት ዳንግላ ሆኖ ይመዘግባል፣ እሷ እንጅባራ ሆና ትከታተላለች። ለሙከራ ብላ የሌለ ፈረስ እንዲመዘግብ ነገረችው። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ሰውዬው ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ «ስሟ ወይዘሪት። ሕመሟ፦ ሲደወልላት ስልክ አታነሳም» ብሎ ጻፈ። ስልኳን ብታይ፣ ለካ ደውሎላት ኖሯል። እሷም ትተኛለች እንዴ? «ስሙ ዶክተር። ሕመሙ፦ ጥያቄ ያበዛል። መድኃኒት አልተገኘለትም» ብላ መዘገበችለት።

ሙከራው አለቀ፤ የውሸት ፈረሶቹ ግን አላለቁም። ከሥራ መውጫ ላይ ከእውነተኞቹ ፈረሶች መጨረሻ አንድ የሱ ፈረስ ይጠብቃታል። አንብባ ትስቃለች፣ መልሷን ትመዘግባለች፣ የሱን ታጠፋለች። እናቷ «ከዚያ ሳጥን ውስጥ ምን አገኘሽ አንቺ ልጅ?» ሲሏት «ሥራ ነው እማ» ትላለች፣ ፊቷ እየቀላ። ምን ሥራ አለ! ወዳዋለች እኮ። እሱም እንደሚወዳት ልቧ ያውቃል። አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

ከዚያ ጥቅምት ሲያልቅ ፈረሶቹ ቀሩ። ምንም ሳይባል፣ ድንገት።

አንድ የሚያስቅ ፈረስ ፈጥራ መዘገበችለት፤ መልስ የለም። ሥራ አስመስላ ደወለችለት። «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» አላት፣ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። ምን አጠፋሁ? ሰለቸሁት? ሌላ አገኘ? ኩራቷ ደግሞ ጠይቂው አላላትም።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የክሊኒኩ ባለቤት ደወሉላት። «ሽመክት ጅማ ሥራ አግኝቶ ነገ ይለቃል። ለሚተካው ሰው ፕሮግራሙን መጥተሽ አሳዪልን» አሏት።

ጅማ! ከአዊ ጅማ! በማግስቱ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን እያየች ሄደች እንጂ መንገዱን አላየችውም። ዛሬ ካልጠየቀችው መቼም አትጠይቀውም።

ክሊኒኩ ግቢ ስትደርስ ጋሪ ነጂው ጋሽ ስማቸው የፈረሳቸውን ልጓም እንደያዙ ይጮኻሉ። «ሁለተኛውን ዙር ላስወጋ ብመጣ አልተከተበም ይሉኛል! ጥቅምት ሠላሳ አምጥቼው የለም እንዴ? እኔ ቀባጣሪ ነኝ?»

ሽመክት ወጣ። ማናለብሽን ሲያይ እግሩ ቆም አለ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሰውዬው መለሰ። «ልክ ነዎት ጋሽ ስማቸው፣ የወጋሁት እኔ ነኝ። መዝግቤዋለሁም። ‹ተመዝግቧል› ብሎኛል።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የሠራችው እሷ ናታ!

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። ጥቅምት ሠላሳ አንድም ፈረስ የለም። ሃያ ዘጠኝም ባዶ ነው። ሃያ ስምንት ሞልቷል፣ ኅዳር አንድ ሞልቷል። እንዴት ሆኖ? የገዛ ሥራዋን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ሽመክትም እንደ ድሮው ከኋላዋ ቆመ።

ሲገባት ግንባሯን በእጇ መታች። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ተቀብላ፣ ፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ለሚያውቀው ዳታቤዝ እንዳለ ታቀብለው ኖሯል። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት ነው፤ ለእሱ ፌብሩዋሪ። ሌላው ቀን ሁሉ እንዳጋጣሚ ሲያልፍ ከረመ። ፌብሩዋሪ ግን ዘንድሮ ሃያ ዘጠኝም ሠላሳም የለውም፤ እምቢ አለ። ድራይቨሩ ምን ያድርግ? እምቢታውን በታማኝነት ይዞላት መጥቷል። ረስትም «የመጣውን መልስ አላየሽም» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር፤ እሷ ግን ያን ዕለት ቸኩላ፣ ዝም ለማሰኘት መስመሩ ላይ አንዲት ሰረዝ ጣል አድርጋ አልፋለች። ስክሪኑ ደግሞ ለሁሉም «ተመዝግቧል» ይላል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «በእነዚያ ሁለት ቀናት የመዘገብከው ሁሉ እምቢ ተብሏል። አልገባም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም?» አለ እንደገና። ድምፁ ተለወጠ።

ዞር ብላ አየችው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«ሽመክት፣ በዚያን ቀን ከጋሽ ስማቸው ፈረስ ሌላ ምን መዝግበህ ነበር?»

«ተይው።»

«አልተውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ ነው የዘጋኸኝ!»

«አንቺ ነሽ የዘጋሽኝ!» አለ፤ አፍኖት የቆየው ሁሉ ገነፈለ። «አንብበሽ ዝም አልሽኝ። ተመዝግቧል ብሎኝ፣ ከዝርዝሩም ጠፍቶ፣ መልስሽን ስጠብቅ ስጠብቅ... በቀልድ ፈረስ ስታልፊው እምቢ ማለቷ ነው፣ ማሳፈር አልፈለገችም አልኩ። በየቀኑ እንዴት ስምሽን እያየሁ እሠራለሁ? ጅማን የፈለግኩት ለዚህ ነው።»

«አላነበብኩም!» ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንዲት ቃል አልደረሰችኝም፣ በናትህ እመነኝ። ምን ነበር?»

«ጠፋ አይደል? ፈልገሽ አታወጪውም?»

«ከየት አባቴ አወጣዋለሁ? አልገባም እኮ። ካልነገርከኝ የትም የለም።»

ሽመክት ዙሪያውን አየ። ጋሽ ስማቸው ልጓሙን ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ።

«ንገራታ!» አሉ። «እኔ እንደሆንኩ ፈረሴ እስኪወጋ አልሄድም።»

ሽመክት ወደ እሷ ዞረ። «አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ብልክ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ብዬ ነበር የጻፍኩት። ፈረስም አልፈጠርኩም። የፈረሱ ስም በሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም ነው የጻፍኩት።»

ማናለብሽ ላፕቶፑን ዘጋችና ተነሥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ላክ» አለች። «እወድሃለሁ። ላክ።»

እጇን ያዘ። ጋሽ ስማቸው «እሰይ!» ብለው ፈረሳቸውን በደስታ ጀርባውን መቱት፤ ፈረሱ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

«ጅማስ?» አለች ቆይታ።

«ጅማ ይቅር። እደውልላቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን...» ስልኩን አውጥቶ ሌላ ቁጥር መታ።

በአዊዎች ቋንቋ፣ በአውኚ ነበር የሚያወራው፤ በፍጥነት፣ እየሳቀ፣ መሃል ላይ ድምፁ እየተሰበረ። ማናለብሽ ከገጠር እናቱ ጋር እንደሚነጋገር ገመተች እንጂ፣ ከስሟ በቀር የሰማችውን አላወቀችም። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ እልልታው ቀለጠ፤ ሽመክት ከጆሮው እስኪያርቀው ድረስ። ከእልልታው በኋላ ደግሞ ሴትዮዋ አንድ ነገር በቁጣ ተናገሩ።

«ምን አሉህ?» አለች ደንግጣ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አፍ የለህም ወይ አለችኝ።»