የሰኞው ቃለ ጉባኤ

ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞሲሳ የእንጨት መሰንጠቂያው ሥር ገብቶ መጋዙን ሲጠግን መብራት ተለቀቀበትና መጋዙ ገደለው። ኢንስፔክተር ወርቅቱ ከአምቦ ግንጪ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል፤ ኤሌክትሪሽያኑ ቀንዓም ታስሯል። መብራቱ የሚለቀቅበት የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ ያለው እሱና ሥራ አስኪያጁ ተሻለ ጋ ብቻ ነበር። ቀንዓ በማግስቱ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

«እኔ እስከ አራት ሰዓት ስብሰባ እመራ ነበር» አለ ተሻለ፣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ እየዘረጋ። ሰውየው ለሬሳም አጀንዳ የሚያስይዝ ይመስላል። ከጀርባው «አሳታፊ መሪ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል። «እኔ ጋ ዝምተኛ የለም። ሁሉንም አናግራለሁ። ይኸው፣ ኤቢሴን እንኳ!»

ግንድ የምትለካው ኤቢሴ «ሰፊ አስተያየት ሰጥተዋል» ተብሎ ሰባት መስመር ተጽፎላታል።

ወርቅቱ አናጺውን ፍሮምሳን ለብቻው ጠየቀችው። «ኤቢሴ ስብሰባው ላይ ምን አለች?»

«ኤቢሴ?» ሳቀ። «እሷ ከተናገረችማ የጭልሞ ደን ዛፍም ይናገራል!»

ቀጥላ ኤቢሴ ጋ ሄዳ ግንድ ላይ ተቀመጠች። «ሐሳብሽን አልጠይቅሽም። ሦስት ተኩል ላይ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

ኤቢሴ መለካቷን ቀጠለች። ወርቅቱም አልቸኮለች። ኤቢሴ ሦስተኛውን ግንድ ለክታ ስትጨርስ ተናገረች።

ከሰዓት ሁሉም ቢሮ ተሰበሰቡ፤ ቀንዓንም አንድ ፖሊስ በካቴና አመጣው።

«ወረቀቱ ኤቢሴ ብዙ ተናገረች ይላል» አለች ወርቅቱ። «ፍሮምሳ ደግሞ ይስቃል። ፍሮምሳ፣ ለመሆኑ ስብሰባ ነበር?»

ፍሮምሳ አቀረቀረ። «አልነበረም። ቅዳሜ ፈርሙ ተባልን። ሁሌም ቀድመን ነው የምንፈርመው። ሐሰት መፈረማችን እንዳይታወቅ ፈርተን ነው ያልተናገርነው።»

«ስለዚህ ኦቦ ተሻለ፣ በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ አልነበሩም። ኤቢሴ ወደ ቆጣሪው ክፍል ሲገቡ አይታዎታለች፤ መጋዙ ወዲያው ተነሣ። ሞሲሳ እርስዎ ከጭልሞ በስርቆት ስለሚያስገቡት ጽድ ለዞኑ ጥቆማ ጽፎ ነበር። ግልባጩን ቤቱ አግኝተናል።»

ተሻለ ኤቢሴ ላይ አፈጠጠ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ‹አስተያየት ስጡ› ስል አንድ ቀን አፍሽን ከፍተሻል?»

«መልሳችንን ጽፈው ነበራ የሚጠይቁን» አለች።

ፖሊሱ ካቴናውን ከቀንዓ እጅ ፈትቶ ተሻለን አሰረበት።

«ገላቶሚ፣ አመሰግናለሁ እህቴ» አላት ቀንዓ፣ ወደ ኤቢሴ ዞሮ።

«ሂድ እንጂ። ሚስትህ ከጧት ጀምሮ በር ላይ ቆማለች።»