የልጄን ሸሚዝ ያነሣው ዛቢጥ

ጠንቋይ ቤት ረግጬ አላውቅም፣ ሙት ተመለሰ ሲሉኝም በሆዴ ስቄ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ያየሁትን ስትሰሙ አሮጊቷ ዘባረቀች እንዳትሉኝ ነው።

ከገላባት ወዲህ፣ በሱዳን በኩል፣ እኛ ሰሊጥ የምናጭድበት እርሻ ሲያልቅ፣ ወታደሮች አዳዲስ መሣሪያ የሚሞክሩበት በሽቦ የታጠረ ምድረ በዳ አለ። ባለፈው አጨዳ የዚያ ቦታ ዛቢጥ፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ በጎቹ ሽቦውን አልፈው ገቡበትና ልጄን ሞላን ጠርቶ፣ ዛሬ ተኩስ የለም፣ ግባና አውጣልኝ አለው። እዚያው ነዶ እያሰርሁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሞላ ገባ፣ ብዙም ሳይርቅ መሬቱ ከእግሩ ሥር ፈነዳ። ዛቢጡ ግን ለበላዮቹ፣ ብረት ሊሰርቅ ገብቶ ነው አላቸው፣ ያለ ቄስ ያለ ፍትሐት እዚያው ሽቦው ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ የሞላን ልጅ ትርንጎን ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ የሌባ ልጅ ይሏታል። ሞቱን ለእግዜር ሰጠሁ፣ ሌባ መባሉን ግን አልሰጥም፣ ዛቢጡ በሰው ፊት እውነቱን ይናገር ብዬ ደጋግሜ ሄድሁ፣ ደጋግመው አባረሩኝ።

ሬሳ ካልተገኘ እኛ የሟቹን ልብስ ዘርግተን ነው የምናለቅሰው። አንድ ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሞላን ነጭ ሸሚዝ ሽቦው ሥር ዘርግቼ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ደም ያለበት ሰው ሽማግሌ ገብቶ ሳይታረቅ ለቅሶ አይደርስም፣ የሟቹን ልብስማ በጣቱ አይነካም፣ ይህን የእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል፣ ዛቢጡ ከየት ያውቀዋል? መጣና በዐረብኛው፣ ሐቦባ፣ አያቴ ማለቱ ነው፣ ተነሽ፣ እዚህ ማልቀስ ክልክል ነው አለኝ። አልነሣም ስለው ጎንበስ ብሎ ሸሚዙን አነሣው። አውቄ ዝም አልሁት፣ እንዲነካው ፈልጌ ነበር።

ወዲያው ከሽቦው ውስጥ ዱላ ነዶ ሲመታ ተሰማ፣ ሰሊጥ ሲራገፍ እንደሚሰማው፣ ቀስ ብሎ፣ እዚያ ውስጥ እኮ አንድ አገዳ አይበቅልም። ቀጥሎ በግ የሚጠራ ፉጨት መጣ፣ የሞላ ፉጨት፣ እመኑኝ፣ ይህን እናት አትሳሳትም። ዛቢጡም ሰማ። ሸሚዙ እጁ ላይ ከበደው መሰለኝ፣ ሁለት ክንዱ ወደ መሬት ተጎተተ።

«ሐቦባ፣ ውስጥ ያለው ማነው?» አለኝ።

«ዛሬ ተኩስ የለም፣ ግባና እየው» አልሁት በዚያው በዐረብኛው።

ገባ። ፍንዳታውን ጠበቅሁ፣ አልዋሻችሁም፣ ጓጉቼ ጠበቅሁ። ምንም አልፈነዳም። ወታደሮቹ ፈልገው ሲያገኙት አንድ ጭረት ሳይነካው ቆሟል፣ የልጄን ሸሚዝ ለብሷል።

ያ ሰው አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ሠራተኛው ምሳ በሚበላበት መጥቶ መሃል ቆመና፣ በጠራ የጎንደር አማርኛ፣ በሞላ ድምፅ፣ «እምዬ፣ እኔ አልሰረቅሁም፣ በጎቹን ላወጣ ነው የገባሁት» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። አሁን ትርንጎን የሌባ ልጅ የሚላት የለም፣ ደስ ብሎኛል፣ ለምን እደብቃለሁ።

ነገር ግን እሱ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ሚስቱ መጥታ በዐረብኛ ብታናግረው፣ ብታለቅስበት፣ ምን እንደምትል አልገባውም። ሲመሽ ጎጇችን ደጃፍ ይመጣና ክፈቱልኝ፣ በረደኝ ይላል። የሚያንኳኳው የዚያ የዛቢጥ እጅ ነው፣ የሚለምነኝ የልጄ ድምፅ ነው፣ እኔ በሩን በጀርባዬ ደግፌ እቆማለሁ፣ ትርንጎ ደግሞ በክፉ ዓይን እያየችኝ፣ እማማ፣ አባቴን ለምን ውጭ ታሳድሪዋለሽ ትለኛለች።