የጋሽ ዳባ ፋኖስ

ኢንስፔክተር ጣይቱ፣ ሰርቦ ከተማ አጠገብ ካለው የጋሽ ዳባ የወይን እርሻ ስትደርስ ተናዳ ነበር። ሽማግሌው ከምሳ በኋላ መጥመቂያው ክፍል ውስጥ ተደፍተው፣ ሞተው ተገኝተዋል። አለቃዋ ኮማንደሩ ግን ከጅማ ሳይነሳ በስልክ ፈርዶ ጨርሷል፦ «ሬሳውን ያገኘው ሠራተኛው ዘርሁን ነው። ይዘሽው ነይ!»

«እውነቱን ነው» አለ የልጃቸው ባል አብሳሎም፣ ይህን ሲሰማ። «ወይን ሲብላላ የሚያወጣው አየር ሰው እንደሚገድል ያውቃል። ጴንጤው ጠማቂ! ቀምሶት እንኳ አያውቅም።»

«ለመጥመቅ መቅመስ ግድ ነው እንዴ?» አለችና ወደ ዘርሁን ዞረች። «አንተስ?»

«እትዬ፣ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። የአየር መውጫው ቀዳዳም ተወትፏል። ሌላ ምን ልበል?»

ሬሳው አጠገብ የነበረውን ፋኖስ አነሳች። ላምባው ሙሉ ነው፤ እሳቱ ግን ጠፍቷል።

«አባባ ፋኖሱን ሳያስቀድም አይገባም» አለች ልጃቸው ሮሆቦት እያለቀሰች። «አየሩ መጥፎ ሆኖ ከጠፋበት ይመለሳል።»

ጣይቱ ከአየር መውጫው ቀዳዳ መዝዛ ያወጣችው የማዳበሪያ ጆንያ ነው።

«ማሎ! እዚህ ግቢ ማዳበሪያ ገብቶ አያውቅም» አለች ሮሆቦት። «አባባ ኬሚካል ከሚነካ እጁ ቢቆረጥ ይመርጣል።»

ስልኩ ጮኸ፤ ኮማንደሩ ነው። ዘጋችበትና ወደ ማሳው ወረደች። ጋሽ ዳባ ማሳውን ለሦስቱ ከፋፍለው፣ ለየብቻ ያሠሯቸው ነበር። የሮሆቦትና የዘርሁን ተለቅሟል። የአብሳሎም ግን ቅጠሉ ጫካ ሆኖ፣ ፍሬው ገና ጥሬ ነው።

ተመልሳ ሦስቱንም መጥመቂያው በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እሳቱ ጠፍቶባቸው ቢሆን አይገቡም ነበር። ስለዚህ ሲገቡ አየሩ ደህና ነው። የቀረቀረባቸውና ቀዳዳውን የወተፈው ሰው ከኋላቸው መጣ። ቸኩሎ ያነሳው ደግሞ ደብቆት የኖረውን ጆንያ ነው። ማዳበሪያ ቅጠል ያበዛል፣ ፍሬ ያዘገያል። አብሳሎም፣ ያንተ ወይን ለምን አልበሰለም?»

«ዝናቡ ነዋ!»

«ዝናቡ ያንተን ማሳ ብቻ መርጦ ዘነበ?» እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ ከወይኑ ሥር የለቀመቻቸው ነጫጭ የማዳበሪያ እንክብሎች አሉ።

ሮሆቦት ባሏን ትክ ብላ አየችው። «ትናንት አባባ ‹ማሳህን ለዘርሁን እሰጠዋለሁ› ሲልህ፣ ምን አጥፍተህ ነው ብዬህ ነበር። ቀልድ ነው አልከኝ።»

አብሳሎም አንገቱን ደፋ። ጣይቱ ካቴና ስታስገባለትም ቀና አላለም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። «ዘርሁንን ያዝሽው?»

«እሱ ሥራ ላይ ነው» አለች ጣይቱ።

ዘርሁን ወይኑ ሳይማሰል እንዳይበላሽ ፋኖሱን ለኩሶ፣ ከፊቱ አስቀድሞ፣ ቀስ ብሎ ወደ መጥመቂያው ገባ። እሳቱ አልጠፋም።