ሳይገፋ የገባው ሞተር

የበሪሁን ሬሳ አያሃ ከሚባለው ሰፈር ዳር ካለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሲገኝ፣ ሞተር ሳይክሉ ኮድቡር ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ በሰላም ቆሞ ነበር። ሰፈሩን ያንቀጠቀጠው ይኸው ነው። ሚስቱ እፀገነት እንደምትምለው፣ ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከመግሪብ ሶላት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሞተሩ እየጮኸ ገባ፤ ወጥታ ስታይ ሄልሜቱ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሰው ግን የለም።

«ሊሰናበተኝ መጥቶ ነው» አለች።

መርማሪዋ ማርዎ ሶማሊ ብትሆንም ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛው አይቸግራትም፤ መንፈስ ማሰር ግን አልተማረችም። ቢሆንም ሞተሩን ስትነካው ክንዷን ብርድ ወረራት።

«ነዳጁን ማን ይሞላለት ነበር?»

«እኔ ነኛ። ደጅ ላይ ቤንዚን በጠርሙስ እሸጥ የለ? ጠዋት ጠዋት እስከ አፉ እሞላለታለሁ። ከሌላ ሴት አይገዛም፣ እቀናለሁ።»

«ማታስ?»

«ማታማ ያልቅበታል። ከድልድዩ ጀምሮ እየገፋው ነው የሚገባ፣ ላብ በላብ ሆኖ።»

ማርዎ የታንኩን ክዳን ከፈተች። ከግማሽ በላይ ቤንዚን አለ። መልሳ ከደነችው።

ፖሊሶቹ ግን በሪሁን ሞተሩን አቁሞ ወጥቶ ሌሊት ተገድሏል ብለው የእፀገነትን ወንድም ዘሩባቤልን አስረውታል። እሱም እንደ በሪሁን በሞተር ዕቃ ያመላልሳል። ከትናንት ወዲያ «እህቴ ላይ አትጩህ» ብሎ ከበሪሁን ጋር ተያይዟል፤ ሌሊቱን ደግሞ ብቻውን ነው ያደረው። ለበሪሁን ሞተሩን የሸጠለት ነጋዴው ኤልያብ ግን ምስክር ሞልቶታል።

«ከመግሪብ እስኪነጋ እዚሁ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ሰርግ ላይ ነበርኩ» አለ ለማርዎ። «ሙሽራዋን ጠይቂያት።»

«ከበሪሁን ጋርስ እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ ወንድሜ ነበር። ወሬ ያበዛል እንጂ። ሞተሬ ነዳጅ ይጠጣል እያለ ገዢ ያባርርብኛል። በሊትር ስልሳ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ፋብሪካው ነው የጻፈው።»

ማርዎ ሁሉንም፣ ዘሩባቤልንም ከነካቴናው፣ ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ሞተሩ አጠገብ ማንም መቀመጥ አልፈለገም።

«በሪሁን የሞተው ሌሊት አይደለም፣ ጠዋት ነው» አለች። «ቀኑን ሙሉ ከተማ ቢሠራ ታንኩ ይደርቅ ነበር። ሚኒባስ ያስቆመዋል፣ ፍየል ያስቆመዋል፤ ሞተሩ ቆሞም ነዳጅ ይጠጣል። ገዳዩ ሞተሩን ደብቆ አዋለው። ሲሠራ የዋለ እንዲመስል ቤንዚን ቀነሰ። ሲመሽ ሄልሜቱን አጥልቆ እየነዳ አምጥቶ እዚህ አቆመውና ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ላለው ሰዓት ምስክር አዘጋጅቷላ።»

«እና መንፈሱ...» አለች እፀገነት።

«መንፈስ አልነበረም እህቴ። ባልሽ ሞተሩን እየገፋ ነው የሚገባው፤ ይኼ ግን እየጮኸ ገባ። ዘሩባቤል ቢሆን ጠብታ አያስቀርም ነበር፤ ነዳጁ በየማታው ሲያልቅ ያውቀዋል። ይኼን የቀነሰው ሰው ከተማ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ፋብሪካው በጻፈው ወረቀት ላይ ነው የነዳው።»

ኤልያብ ፊቱ ደም መሰለ። ነጋዴ ዕቃው ሲሰደብበት ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ስልሳ ይሄዳል።»

«ሠላሳም አይሄድ።»

«ይሄዳል እያልኩሽ። በደንብ አስልቼ ነው የቀ...»

አፉን በእጁ ያዘ።

«ጨርሰው እንጂ» አለችው ማርዎ።

ካቴናው ከዘሩባቤል እጅ ወልቆ ኤልያብ እጅ ላይ ገባ።

«ሲወስዱኝ ቀና ብለሽ አላየሽኝም» አላት ዘሩባቤል እህቱን። «እኔ ገደልኩት ብለሽ አምነሽ ነበር?»

ወንድሟ ተነሥቶ መንገድ ሲጀምር እፀገነት ተከተለችው።

«ለራት ትመጣለህ አይደል?»

ዘሩባቤል የግቢውን በር ከውጭ ዘጋው።