በሻባት የፈላ ሻይ

ቅዳሜ ማታ፣ የአይሁድ ሰንበት የሆነው ሻባት ከወጣ ግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በእስራኤል ቂርያት ጋት ከተማ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት ሰዎች ነበሩ፤ መርማሪ ዓባይነሽ፣ የሟች የእህት ልጅ ይኄይስ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ የነበረችው ኢንባል፣ እንዲሁም ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባቸው የተዘረጉት አባ ዳኘው።

አባ ዳኘው ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ከኋላ ጭንቅላታቸው ደም ፈሶ ደርቋል፤ የመደርደሪያው ድንጋይ ጠርዝም ደም ነክቶታል። አጠገባቸው የተሰበረ ብርጭቆና የሻይ ከረጢት ወድቋል። መደርደሪያው ላይ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ አለ። ሶኬቱ ላይ በሻባት በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት ተሰክቷል። ቀደም ብሎ የመጣው ሐኪም «ከቀኑ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተዋል፤ ሻይ ሲቀዱ አንሸራቷቸው ይሆናል» ብሎ ሄዷል።

ዓባይነሽ ጣቷን ከማፍያው ቧንቧ ሥር አደረገች። አንድ ጠብታ ወረደ። ቆየት ብሎ ሌላ ወረደ።

«ማን አገኛቸው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ይኄይስ። «ከጸሎት ወጥቼ ካርሜ ጋት ሰፈር ጓደኛዬ ዘንድ ዋልኩ። ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ውሸቱን ነው!» አለች ኢንባል። «ቀን ደረጃው ላይ ኮቴ ሰምቻለሁ። ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው!»

«ሻባት ቀን በራቸው ተቆልፎ ያውቃል እንዴ? አንቺ ራስሽ ሳታንኳኪ አይደል የምትገቢው?»

«እኔ ለቡና ዱቄት ነው የምገባው። አንተ ለቤቱ ነው የመጣኸው። ከአገር ከመጣህ ሁለት ዓመት አልሞላህም፣ ቤት ልትወርስ ቸኮልክ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለች ዓባይነሽ። ይኄይስ እጁን ከጃኬቱ ደረት ላይ አለማንሣቱን አይታለች። «ኢንባል፣ ሻባት ላይ እዚህ ቤት በልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው? አንዴ ጠርተውኛል። ቀዝቃዛ ዳቦና ቀዝቃዛ ሽሮ ሰለቸኝ። ሻይ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።»

«ይህን ማፍያስ ታውቂዋለሽ?»

«ለፔሳሕ በዓል ከመሥሪያ ቤት አዋጥተን ከነሻባት ሰዓቱ የሰጠናቸው ነው። ካርቶኑ እስከ ትናንት በረንዳ ላይ ነበር። ቴፑ እንኳ አልተላጠም ነበር።»

ዓባይነሽ ወደ በረንዳ ወጣች። ካርቶኑ ባዶውን ተቀምጧል፤ ቴፑ በቢላዋ ተቀዷል።

እሑድ ጠዋት ወደ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ሄደች። አባ ዳኘውና የንግድ ሸሪካቸው ኦዴድ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚያ አንድ መጋዘን ተከራይተው ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ማር ማስመጣት ጀምረው ነበር። የደኑ ነባር ነዋሪዎች ቀፏቸውን በታላላቅ ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ ዛፉ ከቆመ ማሩ አለ፣ ማሩ ካለ ልጆቻቸው ይማራሉ። በየማሰሮው ላይ «አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አባ ዳኘው በየዓመቱ እየሄዱ ከቀፎ ሰቃዮቹ ጋር ይከርሙ ነበር። ኦዴድ አንድ ጊዜ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ ተመልሷል፤ ፎቶው ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል።

«አዝናለሁ» አለ ኦዴድ በዕብራይስጥ፣ ከስልኩ ዓይኑን ሳያነሣ። «ግን ቶሎ ጨርሺ። ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ገዢዎች ይመጣሉ።»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። የእሱን ቤት ደግሞ በሕይወቴ ረግጬው አላውቅም።»

«ዓርብ ዕለት በስልክ ስትጮህባቸው ኢንባል ሰምታለች።»

«ሽማግሌ ነዋ! ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ! ንግድ አይገባውም።»

«እንዴት እንደሞቱ ማን ነገረህ?»

«ያ አዲስ የመጣው የእህቱ ልጅ ደውሎ ወድቀው ሞቱ አለኝ፤ ከዚያ ሲያለቅስ ዘጋሁት። የገደለው ያ ቧንቧው የሚያንጠባጥብ ማፍያ ነው። ሽማግሌ ሰው፣ እርጥብ ወለል፣ አለቀ!»

ዓባይነሽ ይህን አልጻፈችም። ማስታወሻዋን ዘግታ ተነሣች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ በማር በርሜሎች መካከል ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ኢንባል ከይኄይስ ርቃ ቆማለች።

«አባ ዳኘው ሻይ ሊቀዱ ሄደው አልወደቁም» አለች ዓባይነሽ። «እንደ ቤተ እስራኤል አባቶቻቸው ሻባትን የሚያከብሩ ሰው ነበሩ። ዓርብ ፀሐይ ስትገባ በቤታቸው እሳት ይጠፋል። ማፍያ ቢኖርም፣ ፕላታ የሚሉት ምግብ ማሞቂያ ቢኖርም፣ ሰዓቱ በራሱ ቢያበራም፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ትኩስ ነገር አፋቸው አይገባም። የኔም አባት እንዲሁ ናቸው።»

«እና?» አለ ኦዴድ።

«እና ሻይውን ያፈላው ገዳዩ ነው። በጠራራ ፀሐይ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ተጣሉ፣ ገፋቸው። ከዚያ አደጋ ለማስመሰል አሰበ። እሳት ማብራት በተከለከለበት ሻባት ተራ ማንቆርቆሪያ ቢያበራ እንደሚያስጠረጥረው ያውቃል። ስለዚህ ካርቶኑን ቀደደ፣ ማፍያውን ሞላ፣ የሻባት ሰዓት ሰካ። ሕጉን ያውቃል፤ ሰውየውን ግን አያውቅም። ይኄይስ አብሯቸው ይኖራል፣ ይህን ስሕተት አይሠራም። ኢንባልም ቀዝቃዛውን ሽሮ በልታለች።»

«ቀዝቃዛ መብላቱን የማያውቅ ከተማው ሙሉ ሰው ነው!» ብሎ ጮኸ ኦዴድ።

«እውነት ነው። ማፍያው እንደሚያንጠባጥብ የሚያውቅ ግን ከተማው ሙሉ ሰው አይደለም። እስከ ዓርብ ድረስ በካርቶን ታሽጎ ነበር። ቅዳሜ ማታ ፖሊስ ወሰደው። በመካከሉ ውሃ የሞላበት አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ቤታቸውን ረግጬ አላውቅም ብለሃል።»

ኦዴድ ወደ በሩ ዞረ።

«ይኄይስ» አለች ዓባይነሽ፣ «ጃኬትህ ውስጥ ያለውን አሁን አውጣው።»

ይኄይስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከጽሑፉ ሥር በፊርማ ፈንታ ብዙ የጣት አሻራ አለ። «አባ ዳኘው ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ሰጡኝ። እሑድ ለገዢዎቹ አነባለሁ፣ በዕብራይስጥ ጻፍልኝ አሉኝ። እሳቸው ከሞቱ እኔንም… ፈራሁ፣ እትዬ።»

«ምን ይላል?»

«ቀፎ ሰቃዮቹ ናቸው። ‹የኩባንያችሁ ሰው መጋዝ ይዞ መጣ። ሠላሳ ዛፎቻችን ላይ ቀለም ቀባ። ጣውላው ተሽጧል፣ ያዘዘው ኦዴድ ነው አለን። ማሩን ከሌላ ቦታ እናመጣለን አለ። አባ ዳኘው፣ ይህን አንተ ታውቃለህ ወይ?›»

ኢንባል ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ፣ ከዚያ ኦዴድን አየች። «‹አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ› የሚለውን ጽሑፍ በእጄ እኮ ነው የምለጥፈው፣ አንተ ውሻ!» አለች።

«ዓርብ በስልክ ስለ ደብዳቤው ነገረኝ፤ ቅዳሜ ሄጄ ስጠኝ አልኩት!» አለ ኦዴድ። «እዚህ የለም አለኝ። ዛፎቹን ተውና እኔም ዝም እላለሁ አለኝ። በኔ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል! ገፋሁት እንጂ… ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ!»

«አንድ ሻባት ምሳ አብረሃቸው በልተህ ቢሆን ኖሮ፣ ሻይ አታፈላም ነበር» አለች ዓባይነሽ።

ፖሊሱ ኦዴድን አስሮ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ ይኄይስ ደብዳቤውን ለገዢዎቹ አነበበላቸው፤ ውሉን ሳይፈርሙ ሄዱ። ኢንባል ወደ ደኑ ስልክ ደወለች። መጋዙ አስቀድሞ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ደኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከሠላሳዎቹ ዛፎች ሳይቆረጡ የቀሩት አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው።